ሳይማሩ ያስተማሩን ምን አድርገው ነው?

በየዓመቱ የምረቃ ቀን ሲደርስ ካባ የለበሰው ሁሉ ምስጋናውን የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ቃል ነው፤ «ሳይማሩ ላስተማሩኝ ወላጆቼ» ይላል። ቃሉ እውነት ነው፤ ያምራልም። ነገር ግን ከመደጋገሙ የተነሣ ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ልጁን ያስተማረው ምን አድርጎ ነው? ገንዘብ ከፍሎ ነው እንዳንል በብዙዎቻችን ቤት የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። አስጠንቶ ነው እንዳንል ደብተሩን ዘቅዝቆ ይዞት እንደ ሆነ እንኳ አያውቅም። መክሮና ገሥጾ ነው እንዳንል በዚያው ምክርና በዚያው አለንጋ ያደጉ ስንት የመንደራችን ልጆች አራተኛ ክፍልን ሳያልፉ ቀርተዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው። ወላጅ ለልጁ ትምህርት የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ከሚያደርገውስ ውስጥ በእርግጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ጥያቄውን የምናነሣው ለወላጆቻችን ሌላ ውዳሴ ለመጨመር አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ መምህራን ይሆናሉ፤ ከነገ ወዲያም ወላጆች ነን፤ ዛሬም ቢሆን በየቤታችን የሚማሩ ታናናሾች አሉን።

በመጀመሪያ ት/ቤቱ ራሱ ወላጅን በምን እንደሚያውቀው እንመልከት። ተማሪ ሆኖ «ወላጅ አምጣ» ያልተባለ ካለ እጁን ያውጣ። መስኮት ሲሰበር ወላጅ አምጣ፤ ሲረፈድ ወላጅ አምጣ፤ ለአጥር ማሠሪያ መዋጮ ሲጠየቅ ወላጅ አምጣ ነው። ከተማ ያደጉ ጓደኞቻችን እንደሚያጫውቱን አባታቸውን ከመጥራት የሎተሪ አዟሪ ተከራይተው «አጎቱ ነኝ» እያሰኙ ያስገቡ ነበር። ዳይሬክተሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጎትየውን ይገሥጻሉ፤ አጎትየውም «ሁለተኛ አይለመደውም» ብሎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ሎተሪው ይሄዳል። ይህን ስንሰማ ከልባችን ሥቀናል። ሆኖም ተንኰሉ የሚሠራው ለምንድን ነው? ት/ቤቱ የልጁን ወላጅ በመልክም በስምም ስለማያውቀው አይደለምን? የሚፈለገው ቆሞ የሚገሠጽ ሰው ነው፤ ማንም ቢሆን ይበቃል።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ት/ቤት ባቋቋሙበት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወንድም ሴትም ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ይማር የሚል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ልጁን የማያስተምር ወላጅ በሞተ ጊዜ ሀብቱ ለልጁ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት ይገባል የሚል ማስፈራሪያም ነበረበት። ት/ቤቱ በሌለበት አገር ዐዋጁ ሩቅ አልሄደም። ግን መንግሥትና ወላጅ በዘመናዊ ትምህርት ነገር ሲተዋወቁ የመጀመሪያው ቃል ቅጣት እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ከዚያ በፊት በነበረው በቤተ ክህነቱ ትምህርት የወላጅ ድርሻ አጭር ነበር፤ ልጁን ለየኔታ ያስረክባል፤ ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ድግስ ይደግሳል። ወደ ቅኔ ቤት የሄደው የቆሎ ተማሪ እንዲያውም ወላጁን ትቶ ነው የሚሄደው። ቁራሽ እየሰጠ ያስተማረው የማያውቀው የመንደር ሰው ነው። ይህን እንያዘው፤ ኋላ ይጠቅመናል።

የገጠር ወላጅ ሲጠራ ደግሞ ተከራይቶ የሚላክ ሰው አይገኝም። እኛ ያደግነው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ገብስና በግ በሚበዛበት ቀበሌ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለን በአጨዳ ወራት 11 ቀን ከክፍል ቀረንና አባታችን ተጠሩ። ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ልጃቸው ሊሆን በሚችል ወጣት መምህር ፊት ቆሙ። «ልጁን ለምን ያስቀሩታል?» ተባሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው መምህር፤ ሁለተኛ አይለመደኝም» አሉ። ያ የሎተሪ አዟሪ ከሚለው ቃል የተለየ አልተናገሩም፤ ልዩነቱ አባታችን ቃላቸውን መጠበቃቸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እስክንጨርስ ድረስ ከክፍል ቀርተን አናውቅም። አጨዳውን ማን እንደሚያጭድ ግን የጠየቀ አልነበረም።

አሁን ሊቃውንቱ ያገኙትን እንይ። በዚህ ነገር ስሙ ሳይነሣ የማይታለፈው ጀምስ ኮልማን የተባለው አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ሊቅ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. እርሱና የሥራ ጓደኞቹ 600,000 ያህል ተማሪዎችን መርምረው ባወጡት ሪፖርት፣ በተማሪዎች ውጤት መካከል ላለው ልዩነት ትልቁ ምክንያት የት/ቤቱ ሕንፃና መሣሪያ ሳይሆን ልጁ የመጣበት ቤተሰብና አብረውት የሚማሩት ልጆች ናቸው አሉ። ሪፖርቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። አንዳንዱም «እንግዲያውስ ት/ቤት ምን ያደርጋል?» እስከ ማለት ደረሰ።

ነገር ግን በአሜሪካ የተገኘ ነገር ሁሉ ለእኛ ልክ የሚሆን ልብስ አይደለም። ስቲቨን ሄይነማን የተባለው ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጥናት በኡጋንዳ አድርጎ የቤተሰብ ኑሮ ደረጃ በተማሪው ውጤት ላይ ያለው ጫና እንደ አሜሪካው ብርቱ እንዳልሆነ ተመለከተ። በ1983 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዊልያም ሎክስሊ ጋር የ29 አገሮችን መረጃ አስተያይተው፣ አገሩ ድሀ በሆነ መጠን የት/ቤቱና የመምህሩ ጥራት ይበልጥ እንደሚከብድ አሳዩ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ይህ ልዩነት ከጊዜ ጋር እየጠፋ መምጣቱን ጽፏል፤ ትምህርት በየአገሩ ሲስፋፋ የቤተሰብ ጫና በድሀውም አገር እየከበደ ሄደ ማለት ነው። የሆነ ሆኖ የሄይነማንን ሐሳብ ለመጣል አንቸኩል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ት/ቤቶች ደግሞ ከ1,100 በላይ ነበሩ። በዚያን ሰሞን «ወላጅ ልጁን አይከታተልም» የሚል ወቀሳ በየአቅጣጫው ይሰማ ነበር። ከአንድ ት/ቤት አንድ ተማሪ እንኳ ሳያልፍ ሲቀር የዚያ አገር ወላጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰነፈ ሊባል ነውን? ስለ ወላጅ ስንጽፍ የት/ቤቱን ዕዳ ለወላጅ ለማሸከም እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልን።

ወላጅ ከሚያደርገው ውስጥ የትኛው ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ኪት ሮቢንሰንና አንጀል ሃሪስ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያልተጠበቀ መልስ ሰጥተዋል። 63 ዓይነት የወላጅ ተሳትፎ ዘርዝረው እያንዳንዱን ከልጆች ውጤት ጋር ሲያመዛዝኑት አብዛኛው ያን ያህል የሚታይ ጥቅም አላመጣም። በት/ቤት ስብሰባ መገኘትም ቢሆን እንደ ተወራለት አልሆነም። የቤት ሥራ ማገዝ እንዲያውም አልፎ አልፎ ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ተያይዞ ተገኘ። (ይህ የመጨረሻው ብዙ ሊያስደንቀን አይገባም፤ የሚታገዘው መጀመሪያውኑ የከበደው ልጅ ሊሆን ይችላል።) ለሕፃናት ጮኽ ብሎ ማንበብና ከጐረመሱት ጋር ስለ ወደፊት ትምህርታቸው መነጋገር ግን ከሚጠቅሙት ጥቂቶች መካከል ሆኑ።

ይህ ለእኛ ቤት መልካም ዜና ነው። ያልተማረ ወላጅ የማይችለው የቤት ሥራ ማገዝ ያን ያህል አይጠቅምም ከተባለ፣ የሚጠቅመው ነገር እርሱም ከሚችለው ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «ገበሬው የትምህርትን ጥቅም አያውቅም» የሚለው የቆየ አነጋገርም ሊመረመር ይገባዋል። በ1964 ዓ.ም. ተዘጋጅቶ የነበረው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ብዙው ልጅ የሚያገኘው የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሆን ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ ከመምህራኑ ጋር ወላጆችም አጥብቀው ተቃወሙ፤ የድሀ ልጅ ከእርሻው እንዳይወጣ የተደረገ ነው አሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ሐሳቡን ለማቆየት ተገደደ። ብዙዎቹ ተቃዋሚ ወላጆች ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። ለልጃቸው የሚመኙትን ግን አሳምረው ያውቁ ነበር። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ልጆችን፣ ከእነዚህም ውስጥ በአገራችን 3,000 ያህሉን ለሃያ ዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናትም ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ በድሀ ቤት ያሉ የኢትዮጵያ ወላጆች አብዛኞቹ ልጃቸው እስከ ዩኒቨርሲቲ እንዲዘልቅ ይመኛሉ። የጐደለው ምኞት አይደለም።

የጐደለው ጊዜ ነው። በደጋ አገር የአንድ ልጅ ቀን እንዴት እንደሚያልቅ ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እንንገረው። ጧት በጎቹ ከጋጣ ይወጣሉ፤ ውኃ ይቀዳል፤ ኩበት ይለቀማል፤ ሕፃን ያለበት ቤት ሕፃኑ ይታዘላል። ት/ቤቱ በፈረቃ ስለሆነ ግማሹ ቀን ለክፍል ቢሰጥ እንኳ ሌላው ግማሽ የቤቱ ነው። ማታ ደግሞ ኩራዙ ከራት በኋላ እንዳይባክን ይጠፋል። በዚህ ቀን ውስጥ መጽሐፍ ለመግለጥ አንድ ሰዓት የሚያገኝ ልጅ ካለ፣ ያችን ሰዓት ከሥራው ላይ ቈርሶ የሰጠው ሰው አለ። እናታችን «አጥና» ብለውን አያውቁም። «እርሱን ተዉት» ይሉ ነበር፤ ውኃውን ራሳቸው ወርደው ይቀዱ ነበር፤ ኩራዙንም ፈተና ሲደርስ አያጠፉትም። በእኛ አስተያየት ያልተማረ ወላጅ የሚያስተምረው በዚህ ነው። የሚሰጠው ዕውቀት አይደለም፤ ከገዛ ጉልበቱ የተቀነሰ ሰዓት ነው። የቆሎ ተማሪውም ምሥጢር ይኸው ይመስለናል፤ ወላጁ በአጠገቡ ባይኖርም ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት ሁሉ የአንድ ሰዓት ንባብ ትሰጠዋለች።

ነገር ግን በድሀ ቤት ጊዜ ከሰማይ አይወርድም፤ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይወሰዳል። ከላይ ያቆየነውን ነገር አሁን እንጨርሰው። አባታችን ከመምህሩ ዘንድ የተመለሱ ዕለት ማታ በቤታችን ምክር ተደረገ። በሁለት ዓመት የምትበልጠን እኅት አለችን፤ ዘግይታ ስለ ገባች ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ነበረች። እናታችን «አንቺ ትልቅ ነሽ ልጄ፤ ወንድምሽ ይማርና ኋላ እርሱ ያስተምርሻል» አሏት። እርስዋም እሺ አለች። የቀረችው አጨዳው እስኪያልፍ ነበር፤ ከአጨዳው በኋላ ውቂያ ነበረ፤ ከውቂያው በኋላ በጎቹ ነበሩ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ መንፈቅ ከክፍልዋ ሁለተኛ ወጥታ ነበር። እኛ ዘጠነኛ ነበርን።

ይህን የጻፍነው ወላጆቻችንን ለመክሰስ አይደለም። አባታችን ከመንግሥት ት/ቤት ፊት ቃል ሰጥተው ነበር፤ ቃሉንም ጠበቁ። ቃሉ የሚጠበቅበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነበረ። ስለ ወላጅ ተሳትፎ የሚጻፈው ብዙው ነገር በቤት ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ያለ ያህል ይናገራል። የአንዱ ልጅ መሳካት በሌላይቱ መቅረት ሊገዛ እንደሚችል፣ ብዙውን ጊዜም የምትቀረው ሴቲቱ እንደ ሆነች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ በየት/ቤቱ ወተመህ የሚባለው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለ። ለመማሪያ ክፍል መሥሪያ እንጨት፣ ድንጋይና ጉልበት በማሰባሰብ ብዙ የሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ሆኖም ልጅ ሲቀር «ለምን ቀረ?» ከሚለው አልፎ «በርሱ ቦታ ማን ቀረች?» ብሎ የሚጠይቅ ስብሰባ እስካሁን አላየንም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አንልም፤ ያለው ይከፍላል፤ የሌለው አይከፍልም። ስለ አለንጋም እንዲሁ፤ ሁላችንም ቀምሰነዋል፤ ሒሳብ ያስተማረው ሰው ካለ ይንገረን። ማንሣት የምንፈልገው ስለ ንግግር ነው።

አኔት ላሩ የተባለችው የሶሺዮሎጂ ምሁር በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ የአሜሪካ ቤተሰቦችን ከውስጥ ገብታ ያየችውን ጽፋለች። መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ወላጆች ልጃቸውን ከትልቅ ሰው ጋር እንዲከራከር፣ ሐኪሙንም መምህሩንም እንዲጠይቅ ያለማምዱታል። ሠራተኛውና ድሀው ግን ልጁን አብልቶና ጠብቆ እንዲያድግ ይተወዋል፤ በትልቅ ሰው ፊት መታዘዝን ያስተምረዋል። ላሩ ሁለተኛውን አላንቋሸሸችም፤ እነዚያ ልጆች ከዘመድ ጋር ያላቸው ፍቅር የጠነከረ፣ ጨዋታቸውም የራሳቸው እንደ ሆነ መስክራለች። ት/ቤቱ የሚሸልመው ግን የፊተኛውን ነው።

ይህን ስናነብ የራሳችንን ቤት አየን። ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ዝም ይላል፤ እንግዳ ሲመጣ ውጭ ይወጣል። ከትልቅ ጋር በቃል እኩል የምንሆነው በአንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ማታ በእሳቱ ዙሪያ «እንቆቅልህ» ሲባል። ያን ጊዜ ያላወቀ አባትም ቢሆን አገር መስጠት ግዴታው ነበር። ከዚያ በቀር ዝምታ ጨዋነት ነው። በዚህ ጨዋነት 12 ዓመት ተምረን እዚህ ስንደርስ መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ይላሉ፤ ከኋላ ወንበር ላይ የተደረደርነው የገጠር ልጆች ዐይናችንን ወደ ደብተራችን እንሰብራለን። ጥያቄ ሳይኖረን ቀርቶ አይደለም።

ብዙዎቻችን በትርፍ ጊዜያችን ከየሰው ቤት እየሄድን ልጅ እናስጠናለን። እኛም በሳምንት ሦስት ቀን አንድ የ10 ዓመት ልጅ እናስጠና ነበር። የመጀመሪያ ቀን ክፍልፋይ ስናስረዳው «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አለን። ደነገጥን፤ አባትየው ከጎን ተቀምጠው ነበርና በጥፊ የሚሉት መስሎን ነበር። ቀና ብለው «የቱ ጋ ነው የተሳሳተው? አሳየው» አሉት። ተሳስተንም ነበር። ያ ልጅ ከእኛ የሚበልጠው በመጽሐፉ ብዛት ወይም በቤቱ ስፋት ሳይሆን በዚያች አንዲት «አሳየው» መሰለን። ሆኖም የወር ፈተና ሲደርስ እኒያ የተማሩ አባት የጠየቁን «ስንት አመጣ?» ብለው ነው። አባታችንም የሪፖርት ካርዱን በጣታቸው ሲፈርሙ «ስንተኛ ወጣህ?» ይሉን ነበር። በዚህስ ሁለቱ ቤቶች አንድ ናቸው።

እናታችን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። የአማርኛውን መጽሐፍ ጮኽ ብለን ስናነብ ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጡና «ከዚያስ ሰውየው ምን ሆነ?» ይሉን ነበር። መልሱን ለመንገር ያነበብነውን መረዳት ነበረብን፤ መምህር የጠየቀን ያህል ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ወዲህ ይህ ጥያቄ ቀረ። እኛ ስናነብ እርሳቸው ድምፅ ብቻ ይሰማሉ፤ እኛም ምን ሆነ የሚለንን ሰው አጣን፤ ቃል መሸምደድም የጀመርነው ያኔ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ሲል ስለ ልጁ አስቦ ነው። ለእናቲቱም በር እንደ ከፈተ ግን ሲነገርለት አንሰማም።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ሄደን ነበር። እኅታችን አግብታ፣ ሁለተኛ ክፍል የገባች ልጅ አላት። በአራተኛ ክፍል የተወችው ፊደል አብዛኛው ጠፍቶባታል፤ አይታ የምትለየው ጥቂቱን ነው። አንድ ቀን ማታ ልጅቱ መጽሐፍዋን ዘርግታ ስታነብ እኅታችን ጀርባዋን ሰጥታ ሊጥ ታቦካ ነበር። ልጅቱ አንድ ቦታ ላይ ቃሉ ሲከብዳት ዘልላው አለፈች። እኅታችን ዘወር ሳትል «እዚህ ጋ ድምፅሽ ተሰናከለ፤ ተመለሺ» አለቻት። ልጅቱ ተመልሳ አነበበችው። ውኃ ልንቀዳ እንስራውን ስናነሣ ጊዜ «ተወው፣ እኔ እሄዳለሁ፤ አንተ እርስዋ ዘንድ ተቀመጥ» አለችን፤ እኛም በዚህ ጊዜ እሺ አላልናትም።